አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

የጡረታ ሽኝቴ ዕለት ያ ሰውዬ ባያመሰግነኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ወጣት የሥራ ኃላፊ ነው፤ ሱፉ አዲስ፣ ንግግሩ የተሸመደደ። ጋቢ አልብሰውኛል፣ ኬክ አስቆርሰውኛል፣ ስሜ የተጻፈበት መስታወት እጄ ላይ አስቀምጠዋል። እዚህ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት? ማይኩን ጠጋ አደረገና «ኢንጂነር ክፍሌ በዘመድ አዝማድ ሳይሆን በንጹሕ ውድድር ከገቡት የድሮዎቹ አንዱ ናቸው። ያኔ ፈተና ፈተና ነበር!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ቆሽቴ አረረ። ጋቢውን ከላዬ ገፍፌ፣ መስታወቱን ወለል ላይ ከስክሼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ደም ግፊቴ የተነሳ መሰላትና ውሃ አቀረበችልኝ። ውሃውን ጠጣሁ፣ እጅ ነሳሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶው ላይ የምስቅ እመስላለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ንጹሕ ፈተና! እስቲ ንጹሕ ፈተና ማለት ምን እንደነበር እኔ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ተመራቂ ሁሉ እንደ ድሮው በየመሥሪያ ቤቱ እየተመደበ ደመወዝ መቀበሉ የቀረበት፣ የትምህርት ማስረጃችንን በላስቲክ አስለብጠን ከአንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው የምንንከራተትበት ጊዜ ነበር። የአገሩ ዕቃ በጅቡቲ መስመር መግባት ስለጀመረ አዋሽ ሰባት እንቅልፍ አጥታለች። ቦቴው፣ ተሳቢው አስፋልቱን ሞልቶ ይውላል፤ ሾፌሩ በሽርጥና በነጠላ ጫማ ወርዶ የፍየል ጥብስ ያዛል፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ አስፋልቱ በምታወጣው መንገድ ጥግ ላይ ያለችው ካሴት ቤት ደግሞ አንዱን የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ እየደጋገመች ታደነቁረናለች። ሻይ ሠላሳ ሳንቲም ነው። ሻይ በዳቦ ሰባ አምስት ሳንቲም ይበቃዋል። ከጅቡቲ ሾልኮ የገባ ሸሚዝ፣ ያ ትልልቅ አበባ የታተመበት፣ ሃያ አምስት ብር ይባላል፤ ሱሪው ሰፊ፣ እንደ ጆንያ የሚንዘላዘል ነው። ያንን ለብሶ በዚያች ጥግ ማለፍ የቻለ ጎረምሳ የዓለም ጌታ ነበር። እኔ ሸሚዟን ሦስት ዓመት ሙሉ አየኋት እንጂ አልገዛኋትም። ሥራ ፈት ነበርኩ። አዋሽ ያመጣን አባቴ ነው፤ በጸሐፊነት ተቀይሮ። እሱ ካለፈ በኋላ እናቴ በእሱ ጡረታ እኔን፣ ሠላሳ ዓመት የሞላኝን ኢንጂነር፣ ትመግበኝ ነበር። ማዕድ ላይ እጄን ስዘረጋ እንዳላፍር ብላ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች። ያ የሚዞር ዓይን ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ካሴት ቤቷ የለችም፤ ቦታው ላይ የሞባይል መሸጫ ተከፍቷል። እኩዮቼ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው «ድሮ ሁሉ ርካሽ ነበር» ሲሉ እሰማለሁ። ርካሽ ነበር። ሠላሳ ሳንቲሙ ግን ከየት ይመጣል? ይህን የሚጠይቅ የለም።

እንድሪስ ሙሄ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። አብረን መስኖ ምሕንድስና ተማርን፣ አብረን ተመረቅን፣ አብረን ሥራ ፈታን። ወላጆቹ ከወሎ ወርደው አፋር የከተሙ ናቸው፤ አባቱ ጋሽ ሙሄ መልካ ወረር አካባቢ ባለ አንድ የጥጥ እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ኦፕሬተር ነበሩ። እንድሪስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያካብድ ልጅ ነው፤ ሲስቅ መላ ፊቱ ይስቃል። ሰመራ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ጀማሪ የመስኖ መሐንዲሶችን በፈተና አወዳድሮ እንደሚቀጥር የሰማነው ከአንድ የቦቴ ሾፌር ነው። ሰውዬው ቢሮው ደጃፍ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ገልብጦ አመጣልን፤ ያኔ ለኛ ለሥራ ፈቶቹ ጋዜጣችን የመስመሩ ሾፌር ነበር። ፈተናው ሊደርስ አራት ወር ቀርቶታል። በዚያው ሳምንት ከጣቢያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን ገባንና በሩን ዘጋን።

አዋሽ ለጥናት የተፈጠረች አገር አይደለችም። ደገኛ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ያጠናል፤ እኛ የምናጠናው በቀትር ነበር፤ ጣሪያው በግለት እየተንጣጣ። ሐሳቡ የእንድሪስ ነው። «ሰመራ ከአዋሽ ትብሳለች፤ ጭንቅላታችን ከአሁኑ ሙቀቱን ይልመደው» አለ። ሳፋ ውሃ ሞልተን አራቱን እግራችንን እዚያ ነክረን፣ ሽርጥ አገልድመን፣ ከክንዳችን ስር ፎጣ አንጥፈን እንሠራለን። ፎጣው ለምቾት እንዳይመስላችሁ። ቆላ ተፈትኖ የማያውቅ ሰው ይህ አይገባውም፤ ላብ ክንድን ተከትሎ ይወርድና የመልስ መስጫውን ወረቀት ያርሰዋል፣ በእርሳስ ያጠቆሩት ክብ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ወረቀቱ ይቀደዳል። አራሚው ደግሞ የረጠበ ወረቀት ሲያይ እንደ ተፋቀ ቆጥሮ ዜሮ ይሰጣል ይባል ነበር። ስለዚህ ክንድን ፎጣ ላይ አሳርፎ፣ መዳፍን ከወረቀቱ አንስቶ ማጥቆርን እንደ ቁም ጽሕፈት ተለማመድነው። አንድ ቀን ሳፋው ውስጥ እግሬን ነክሬ እንቅልፍ ወስዶኝ ወረቀቱ ላይ ተደፍቼ ተገኘሁ፤ እንድሪስ ጉንጬ ላይ የታተመውን የሒሳብ ቀመር እያነበበ ሲስቅ ነው የነቃሁት። ያ ሳምንት መላ ሰፈሩ «ቀመሩ» እያለ ጠራኝ። እንዲህ የምንስቅበትም ጊዜ ነበር፣ አልዋሽም።

ሺቱ እጃችን የገባው በሦስተኛው ወር ላይ ነው። ሺት የምንለው ቀደም ሲል የተፈተነ ጥያቄ ከነመልሱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ነው። ከአዲስ አበባ በተሳቢ ጋቢና ተጉዞ አዋሽ ሲደርስ ስንተኛው ኮፒ እንደሆነ እንጃ፤ ሥዕሎቹ ደብዝዘው ጥላ መስለዋል። ስድሳ ጥያቄ ነበረው። የመጨረሻው ገጽ ላይ መልሱ በፊደል ብቻ ተደርድሯል። አንዱን ገጽ በሃያ አምስት ሳንቲም ኮፒ አስደረግንና ጀመርን። አዋሽ ውስጥ ለዚያ ፈተና የሚዘጋጅ ሁሉ ያንኑ ሺት ነበር የያዘው። ማንም ጥያቄውን አይሠራውም፤ ፊደሉን ነው የሚሸመድደው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን «አርባ ሁለት?» «ኤ!»፣ «ሃምሳ?» «ዲ!» ሆነ። ኩረጃ ነው ያለ ሰው አልነበረም፤ ዝግጅት ነበር የሚባለው። እኔም ዝግጅት ነው አልኩ። እንድሪስ ብቻ ግግም ብሎ እያንዳንዱን ጥያቄ ከሥሩ ይሠራ ነበር፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጥያቄው ይህ ነው። ከወንዝ ውሃ አሥራ ሁለት ሜትር ከፍ ያለ ገደል አፋፍ ላይ ፓምፕ ተተክሏል፤ ይህን ያህል ውሃ በሴኮንድ ስቦ ለማውጣት ስንት የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል? ቀመሩ ውስጥ ቁጥሩን ስትከት መልሱ ቁልጭ ብሎ «ሲ» ይመጣል።

«ይሄ ጥያቄ ስህተት ነው» አለ እንድሪስ።

«ምኑ ነው ስህተት? እኔ ሠርቼዋለሁ፤ ልክ ሲ ይመጣል።»

«ሒሳቡማ ይመጣል። ውሃው ነው የማይመጣው።»

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ቅዳሜ ዕለት በጭነት መኪና አሳፍሮ አባቱ ዘንድ ወሰደኝ። ጋሽ ሙሄ ወንዙ ዳር፣ ፓምፓቸው አጠገብ፣ ከግራር ጥላ ስር ሆነው ሺቱን እየገለባበጡ ሥዕሉን አዩት። ፊደል ብዙም አልቆጠሩም፤ ፓምፕ ግን ሃያ ዓመት አስነስተዋል። «ይህን የሣለው ሰው ውሃ ቀድቶ አያውቅም» አሉ። «ልጄ፣ ፓምፕ ከላይ ሆና የምትስበው ሰባት ሜትር፣ ቢበዛ ስምንት ነው። ከዚያ በላይ ብታወጣት እሪ ትላለች እንጂ ጠብታ አትሰጥህም። እኛ እኮ በበጋ ወንዙ ሲጎድል ፓምፗን በገመድ እየሳብን ወደ ታች የምናወርዳት ለጨዋታ አይደለም።» ከዚያ እንደ ደረጃ የተቆፈረውን አፋፍ አሳዩኝ፤ እያንዳንዱ እርከን ላይ ፓምፗ የምትቀመጥበት ቦታ ተደልድሏል፤ የትኛው እርከን ለየትኛው ወር እንደሆነ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ገባኝ። ከኮሌጅ ይልቅ እዚያ ነው የገባኝ። ስለዚህ ኋላ ላይ አላውቅም ነበር ብል ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው።

ወደ አዋሽ ስንመለስ «አንተ ዝም ብለህ ሲ አጥቁር። መጀመሪያ ሥራውን ያዝ፤ ፓምፑን ያኔ ታስተካክለዋለህ» አልኩት። እንድሪስ ሳቀ። «ወላሂ፣ ክፍሌ፣ እጄ እሺ አይለኝም» አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሰመራ ያኔ ከተማ አትባልም። ዋና ከተማው ከአሳይታ ወደዚያ ይዛወራል ተብሎ ሜዳ ላይ ቢሮዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፣ ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ማደሪያ ስለሌለ ሎግያ ላይ በአራት ብር፣ ግቢ ውስጥ የተዘረጋ የሽቦ አልጋ ተከራይተን አደርን። በነጋታው ሰማንያ የምንሆን ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ገባን። ማራገቢያው በጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ የለውም። ወረቀቱ ተገልብጦ ታደለንና «ጀምሩ» ሲባል ገለበጥነው። ሰማንያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲተነፍስ ሰማሁ። ሺቱ ራሱ ነበር! ከነቁጥሩ፣ ከነደበዘዘው ሥዕሉ። ጥያቄ ማውጣት እንኳ ሰንፈው ያንኑ አሮጌ ወረቀት አባዝተው ሰጡን። ይህ ነው እንግዲህ ሰውዬው ማይክ ጨብጦ «ፈተና ፈተና ነበር» ያለው። ከሰማንያው ሰው ሃምሳው ፊደሉን ከአፉ ወደ ወረቀቱ እያወረደ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ወጣ። እኔ ፎጣዬን ከክንዴ ስር አንጥፌ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ አሥራ ሰባት ደረስኩ። እጄ ትንሽ ቆመ። ጋሽ ሙሄ ትዝ አሉኝ። ከዚያ የእናቴ ዓይን ትዝ አለኝና ሲን አጠቆርኩ። እንድሪስ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፎ ነው የተቀመጠው፤ አቀርቅሮ አንድ ነገር ሲጽፍ አየሁት። ክብ ማጥቆር እንዲያ አያስጎነብስም።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ተለጠፈ። ስድስት ስም። ስድስተኛው የኔ። ፊደሉን ከሸመደዱት ብዙዎቹን ወረቀታቸውን ያራሰው ላብ ጥሏቸዋል፤ እኔን ፎጣዬ አወጣኝ። ከዝርዝሩ ግርጌ በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ እንድሪስ ሙሄ በመልስ መስጫው ላይ ጽሑፍ በመጻፉ ወረቀቱ ተሰርዟል ይላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ከክቡ ውጭ ማንኛውንም ነገር የጻፈ ሰው ለአራሚው ምልክት እንደሰጠ ይቆጠራል ተባለ። የጻፈው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ፓምፑ በዚህ ከፍታ ውሃ ሊስብ ስለማይችል ከአራቱ ምርጫ ውስጥ መልስ የለም፤ ፓምፑ ወደ ታች ይውረድ። ይኸው ነው ወንጀሉ! የቀሩትን ሃምሳ ዘጠኝ ጥያቄዎች አንድም ሳይስት ሠርቷቸዋል፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በጆሮው ነግሮታል። የመስኖ መሐንዲስ እንፈልጋለን ብለው ከሰማንያ ሰው መካከል ውሃ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀውን አንዱን ሰው ለይተው አወጡና ጣሉት። ይህን ስጽፍ እንኳ እስክሪብቶው ወረቀቱን እየወጋብኝ ነው።

እንድሪስ አቤቱታ አስገባ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ጠራው፤ ሰብሳቢው በሽርጥ ላይ ኮት የደረበ፣ ክርክር የሰለቸው ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ማለት አለብኝ። «እኛ ምሕንድስና አናውቅም» አለ። «ካለፉት ውስጥ አንድ ሰው መጥቶ ጥያቄው ስህተት ነው ብሎ ካረጋገጠልን የሰረዝነውን ወረቀት እናያለን። ምስክር አለህ?»

«አለኝ» አለ እንድሪስ። «ክፍሌ ያውቃል። አባቴ ጋ አብረን ሄደን አይቷል።»

ውጭ ግድግዳውን ተደግፌ ስለነበር ጠሩኝ። ገባሁ። ከአዳራሹ ቀጥሎ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ጠረጴዛው ላይ የእንድሪስ ወረቀት ተዘርግቷል፤ አንድም የላብ ጠብታ አልነካውም። ቁጥሩን ለማስላት ማሽን አያስፈልግም ነበር። ቦታው ስድስት ነው። ጥያቄው ስህተት ተብሎ የእንድሪስ ወረቀት ከተቆጠረ አንደኛ እሱ ነው፤ እኔ ሰባተኛ እሆናለሁ። ሰባተኛ ማለት ደግሞ ወደ እናቴ ማዕድ መመለስ ማለት ነው።

«አንተ ስድስተኛ የወጣኸው ነህ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«አዎ።»

«እንግዲህ ንገረን። ይህ ፓምፕ ውሃ ያወጣል ወይስ አያወጣም?»

የእርሻው ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ ነው። አያወጣም ማለት ብቻ ነው። አንዲት ቃል! እንድሪስ አያየኝም ነበር፤ መስኮቱን እያየ ይጠብቃል፤ ምን እንደምል እርግጠኛ ስለነበረ ዞሮ ማየት አላስፈለገውም። እኔ «እኔ የማውቀው መልሱ ሲ መሆኑን ነው» አልኩ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጠፈ። «በቃ እንግዲህ፣ ወንድሜ» አለው እንድሪስን፣ ከልቡ አዝኖ። ለእንድሪስ ከልቡ ያዘነለት ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ሰብሳቢው ነበር፤ እኔ አልነበርኩም። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ተመለስን፤ እኔ በበሩ በኩል፣ እሱ መሃል። ሚሌን አለፍን፣ ገዋኔን አለፍን። «ሙቀቱ በርትቷል» አለ። «በርትቷል» አልኩ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ፍየል ዋጋ፣ ስለ መኪናው ጎማ ከሾፌሩ ጋር ተጫወተ። መልካ ወረር መገንጠያ ላይ «አባቴን ልየው» ብሎ ወረደ። ወደዚያች ክፍል አልተመለሰም። መጻሕፍቱን በሰው አስወሰደ፤ ሳፋውን ለኔ ተወልኝ።

እኔስ? እኔ ኢንጂነር ሆንኩ። በመጀመሪያ ደመወዜ ያቺን ባለ አበባ ሸሚዝ ገዛሁ፤ ፋሽኗ አልፎ ነበር፤ ለበስኳት። በሦስተኛው ዓመት አሳይታ አጠገብ ለሚተከል ፓምፕ ተላክሁ። ሥራ ተቋራጩ ያመጣው ንድፍ ፓምፑን አፋፍ ላይ፣ ከውሃው አሥር ሜትር በላይ ሰቅሎታል። እኔ ገልበጥ አድርጌ አየሁና «ይህ ውሃ አይስብም፤ እርከን ቁፈሩና አውርዱት» አልኩ። ሁሉም ተገረመ። ወረደ፤ ውሃው ተንዶቅዱቆ ወጣ፤ ጥጡ ጠጣ። የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ፣ የደረጃ እድገት አገኘሁ፣ በየስብሰባው «ክፍሌ በተግባር የበሰለ ነው» ተባለልኝ። እኔም አመሰግናለሁ እያልኩ እጅ ነሳሁ! የጋሽ ሙሄን እርከን፣ የእንድሪስን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል እየሸጥኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር እንጀራ በላሁ። በእሱ ቦታ ተቀምጬ፣ በእሱ እውቀት። ስለዚህ ያ ወጣት ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥቶ «ንጹሕ» ሲል ማንን ልቆጣ? ሺቱን ያባዛውን ነው? ማስታወቂያ ለጣፊውን? ያን ጄኔሬተር? ሁሉንም ተቆጥቻለሁ። ለዓመታት በየመጠጥ ቤቱ የፈተናውን ብልሹነት እየተረክሁ ሰው ሳስቅ፣ ሰው ሳናድድ ኖሬያለሁ። ኮሚቴው ፊት ያልኩትን ግን ከትረካው ውስጥ ሁልጊዜ እዘለው ነበር።

እንድሪስ አዋሽ አርባ ላይ የፓምፕ ጥገና ቤት እንደከፈተ ካወቅሁ ቆይቷል። በመኪና ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ። ከሽኝቴ በኋላ ባለው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት፣ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ልጄ ማርታ ለቅጥር ፈተና ሰመራ ሄዳለች፤ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሚኒባስ ያዝኩና አዋሽ አርባ ወረድኩ።

ፓምፕ ፈታትቶ ጆንያ ላይ ደርድሯል። ሸብቷል፤ ጺሙን ሂና ቀብቶታል። ቀና ብሎ አየኝና ያው መላ ፊቱ ሳቀ። «ክፍሌ! ያ አሏህ! ና ግባ እንጂ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም!» ክንዱን ሰጠኝ፤ እጁ ግሪስ ነው። ወንበር ጠረገልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጠየቀኝ፣ ጋሽ ሙሄ ከሞቱ አሥር ዓመት እንዳለፋቸው ነገረኝ። እኔ ሻዩን ሳልነካው «እንድሪስ፣ ጥያቄው ስህተት ነበር» አልኩት።

«የቱ ጥያቄ?»

«አሥራ ሰባት። አውቅ ነበር። ኮሚቴው ፊት አውቄ ነው የዋሸሁት።»

መፍቻውን አገላበጠ። «አውቃለሁ እኮ» አለ። «ዝርዝሩ ላይ የራሴን ስም ስፈልግ ያንተን ተራ ልብ አላልኩትም ነበር። ስድስተኛ መሆንህን ሰብሳቢው ሲጠይቅህ ነው የሰማሁት። ቀድሜ ባውቅ አንተን ምስክር ብዬ አልጠራህም ነበር። አስቸገርኩህ።»

አስቸገርኩህ! ቢሰድበኝ፣ ቢተፋብኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ ተዘጋጅቼ ሄጄ ሰውዬው ይቅርታ ሊጠይቀኝ ምንም አልቀረውም። «ተቆጣኝ እንጂ! ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ብዬ ጮህኩበት፤ በገዛ ቤቱ።

«በምን ልቆጣ፣ አቦ? ልጆቼን አሳድጌያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ይልቅ ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

ነገርኩት። ማርታ ውሃ ምሕንድስና መመረቋን፣ ዛሬ ፈተና ላይ መሆኗን፣ ባለፈው ሳምንት ስልኳ ላይ የተላከላትን ሺት ይዛ ወደ እኔ መምጣቷን ነገርኩት። ፎቶ ኮፒው ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ ሺቱ ያው ነው። ጥያቄው እንኳ አልተለወጠም፤ ገደሉ፣ አሥራ ሁለት ሜትሩ፣ መልሱም ሲ። ማርታ ግን ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ «አባዬ፣ ይሄ ፓምፕ ከዚህ ከፍታ መሳብ አይችልም አይደል?» አለችኝ።

እንድሪስ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ራሷ ናት ያየችው? ማንም ሳይነግራት?»

«ራሷ ናት።»

«ማሻአላህ! ማሻአላህ! ይህቺ ልጅ የኔ መሆን ነበረባት እኮ!» እያለ በደስታ ጭኑን መታ። «እና ምን አልካት?»

ሻዩን አየሁት። በሩን አየሁት። ከኮሚቴው ክፍል ይልቅ ያቺ የጥገና ቤት ጠበበችኝ።

«ሲ አጥቁሪና ዝም በይ አልኳት።»

መፍቻውን ሲወረውረው ቆርቆሮው ግድግዳ ጮኸ። እንድሪስን ሲቆጣ ያየሁት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው። «እኔን እሺ! እኔን አልፌዋለሁ!» አለ። «ልጅቱ ምን አደረገችህ? በገዛ ዓይኗ ያየችውን አላየሁም እንድትል ታስተምራታለህ? አባት አይደለህም እንዴ? አውጣ ስልክህን! አውጣና ደውልላት! ባዶ ትተወው በላት። እንዳትጽፍ፤ እኔ ጽፌ አይቼዋለሁ። ባዶ ትተወው እንጂ ሲ እንዳትል!»

ስልኬን አወጣሁ። ፈተናው የተጀመረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን አራት ሰዓት አልፏል። ስልካቸውን በር ላይ ተቀብለው እንደሚያስቀምጡባቸው እኔም እሱም እናውቃለን። ደወልኩ። የደወልኩበት ቁጥር ዝግ መሆኑን ያቺ ሴትዮ በለመደችው ድምፅ ነገረችኝ።

«ድገመው» አለ እንድሪስ።

ደገምኩት።